የመካኒኩ እጅ

ዘበኛው ሸዋንግዛው ሰውየውን ገና ከጧቱ ልቡ አልወደደውም። ሰውየው ጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ዳር ተቀምጦ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ቱቦ በመሐረብ ይወለውላል። ሸዋንግዛው የተቀበለው የይለፍ ወረቀቱ «የትራክተር መካኒክ» ይላል፤ ጥፍሩ ውስጥ ግን የግራሶ ምልክት እንኳ የለም።

«ጓድ፣ ይሄ የሬዲዮ አንቴና አይደለም?»

«አይ ጋሼ፣ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ጭራ ላይ የሚተከል ነው። አብራሪው መሪውን ስቦ በራሱ ፍጥነት ሲወጣ፣ መውጣት መውረዱን የሚያሳየው መሣሪያ አየሩ ያነሳው መስሎት እንዳይዋሽ ይሄ ቱቦ ያርመዋል። አሁን በኤሌክትሪክ የሚያሰላ መጥቷል አሉ። እኔ ግን ንፋሱን ራሱን የሚነካውን ነው የማምነው።»

በዚህ መሀል ከሜዳው በላይ አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ አለ። የሰውየው ቀኝ እጅ ጉልበቱ ላይ የሌለ መሪ ጨብጦ ወፉ ወደዞረበት ዘመም አለ። ሸዋንግዛው የይለፍ ወረቀቱን ሳይመልስለት ኪሱ ከተተው።