«ባሕር ላይ አይነገራትም»

በዚያ ቀን መርከቡ ላይ የነበርነው አምስት ነን። እኔ፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ሶስና፣ አዜብ፣ ጋሽ ጌታሁን እና ባለቤቱ እታለም። ሌላ ሐበሻ አልነበረም። ሌላ ሰውም ቢሆን ብዙ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ኮሮና አቁሟቸው የነበሩት ትልልቅ መርከቦች ከሲያትል ወደ አላስካ እንደገና መሄድ በጀመሩበት ሰመር ነው። ጊዜው ሄዷል። እኔ ግን የጌታሁንን ፊት ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይመለስብኛል። ያኔ «አንቱ» ነበር የምለው። እዚህ ላይ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ አውቄ ነው።

ጌታሁን ቤት አሻሻጭ ነው። ሲያትል ውስጥ ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር እየተሰበሰብን የምንጸልይበትን ኅብረት የሚመራውም እሱ ነበር። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ «መርከቦቹ ሰው አጥተው በርካሽ እየለመኑ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ቤት ተዘግቶብን ከርመን፣ እንሂድ እንጂ» አለ። እኔ ፈሪ ነኝ። ባሕር እፈራለሁ፣ በሽታ እፈራለሁ፣ ልጄ ከዓይኔ ስትርቅ እፈራለሁ። ሶስና ግን «ፕሊስ ማም» እያለች ነዘነዘችኝ። ከሲያትል ወጣ ብሎ ቱክዊላ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ስለምውል ዕረፍት የሚባል ነገር ረስቼ ነበር። እሺ አልኩ።

አዜብ የመጣችው እኔ ስለምሄድ ነው። ወላጆቿ ከኤርትራ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ኤርፖርት አውሮፕላን ታጸዳለች፤ እዚያው አጠገብ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። እናቷ ድሬዳዋ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትደውልላቸዋለች።

ባሕር ላይ የእኛ ስልክ አይሠራም። የመርከቡን ኢንተርኔት የገዛው ጌታሁን ብቻ ነው። «ሁሉም ሰው መግዛት ምን ያደርግለታል? የኔ ለሁላችን ይበቃል። ስትፈልጉ ትጠይቁኛላችሁ» አለ። አዜብም ከመነሳታችን በፊት፣ እናቷን ለምታስታምመው የአክስቷ ልጅ የእሱን ቁጥር ሰጠቻት።

ስለ መርከቡ ብዙ የማወራው የለኝም። ውኃ ላይ የተቀመጠ ፎቅ ነው፤ ግማሹ ክፍል ባዶ። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ሹካና ቢላዋ ተደርድሮበት፣ ሰው የለበትም። አሳላፊዎቹ ሥራ አጥተው ከጀርባችን ቆመው አንድ ጊዜ በተጎነጨን ቁጥር ውኃ ይሞሉልናል። በሩ ላይ አንዲት ልጅ እጃችንን እንድንታጠብ ትዘፍንልናለች። ያሉት ጥቂት ፈረንጆች ራት ላይ እንደ ሙሽራ ለብሰው ይወርዳሉ፤ ምግቡን ፎቶ አንስተው ሳይነኩት ይተዉታል። ጌታሁንም ቶሎ ተማረ። ሦስት ዓይነት ሥጋ አዝዞ፣ ከሁሉም አንድ አንድ ጎርሶ፣ «መርከቡ እኮ ለእኛ ሲባል ነው የተንቀሳቀሰው» ይላል።

ከሲያትል በተነሳን በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የምንውለው ባሕር ላይ ነበር። ጧት አዜብ ለቁርስ ገና አልወረደችም፤ ሶስናም ተኝታለች። ጌታሁን ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«የሶስና እናት፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። በሆድሽ ይሁን።»

ኮሮና የያዘው መስሎኝ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ስልኩን አውጥቶ አንድ የድምፅ መልእክት አሰማኝ። የአዜብ የአክስት ልጅ ናት። እናቷ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። አፋቸው ግን ገና ይናገራል። «ሌላ ነገር አትጠይቅም። የአዜብን ድምፅ አሰሙኝ ነው የምትለው። እባክዎ ዛሬውኑ ያገናኙን» ትላለች። መልእክቱ የመጣው ትናንት ነው።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገሯትም?» አልኩት።

«ባሕር ላይ አይነገራትም። ይህ ወግ አለው። ሲያትል ስንገባ ሽማግሌዎች ሰብስቤ፣ በማለዳ ቤቷ ሄደን በሥርዓቱ እናረዳታለን።»

«ጋሽ ጌታሁን፣ መርዶ እኮ ለሞተ ሰው ነው። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ።»

«እስክንመለስማ...» አለና እጁን አወናጨፈ።

እታለም ቀበል አደረገችው። «ክፍሏ በረንዳ አለው እኮ። ሰምታ ራሷን ብትወረውርስ? ማን ሊጠየቅ ነው?»

ይህ እኔንም አስፈራኝ። ሐዘንተኛን ከገደል፣ ከውኃ ዳር ማራቅ ያለ ነው። ለአንድ አፍታ እውነታቸውን መሰለኝ። ከዚያ ጌታሁን እንቁላሉን እየቆረሰ ጨመረበት።

«ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን የሁሉም ሰው ዕረፍት ለምን ይበላሻል? እኔና እታለም ጸልየንበታል፤ ሰላም ተሰምቶናል። ያንቺ ሥራ እሷን ማጫወት ነው።»

ሰላም የተሰማው እሱ ነው። ድሬዳዋ አልጋ ላይ ሆነው የልጃቸውን ድምፅ የሚጠብቁትን ሴትዮ ሰላም ተሰማዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ወዲያው አዜብ መጣች። ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች፤ ፊቷ በእንቅልፍ አብጧል። «አቦ፣ ይሄ መርከብ እንደ ሕፃን እያወዛወዘ ነው ያሳደረኝ» አለችና ተቀመጠች። ማንም አልሳቀላትም። ወደ ጌታሁን ዞረች። «ጋሼ፣ እስቲ ስልክዎን። ትናንት ለእማዬ ሳልደውል አደርኩ። ስታኮርፍ አይጣል ነው።»

«ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል» አላት፣ ዓይኗን እያየ። «ከጭጋጉ ነው። እየሠሩት ነው።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ፣ መልእክት እየገባበት ይነዝር ነበር።

«ውይ፣ ትጠብቀኛለች እኮ» አለች አዜብ። ዳቦ አነሳችና ቅቤ መቀባት ጀመረች።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ወግ ግን አውቃለሁ፤ እናቴንም አባቴንም በወግ ነው ያረዱኝ። ሰው አልጋ ላይ ሆኖ እየተጣራ ልጁን ማስቀረት በየትኛውም አገር ወግ አይደለም።

«ብይ፤ በደንብ ብይ» አልኳት። እንቁላል አስጨመርኩላት። በባዶ ሆድ እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። ጌታሁን ሥራውን እየሠራሁለት መስሎት ፈገግ አለልኝ።

ስትጨርስ፣ «ነይ እስቲ መርከቡን እንየው» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ወደ ክፍሏ አልወሰድኳትም፤ የበረንዳው ነገር ከሆዴ አልወጣም። መርከቡ መሐል መስኮት የሌለው የትርዒት አዳራሽ አለ። ውስጡ አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ለባዶ ወንበሮች ማይክ ይሞክራል። ሶስናን ቀስቅሼ አመጣኋት። እኔ በቀኟ፣ ሶስና በግራዋ ተቀመጥን።

አዜብ እኔን አየች፤ ሶስናን አየች። ሐበሻ ናት፤ ሰው በሁለት ወገን ሲይዛት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«እማዬ ሞተች» አለች።

«አልሞቱም። አዜብ፣ እኔን እይኝ። ታመዋል፤ በጣም ታመዋል። ድምፅሽን ይፈልጋሉ።»

«ሁልጊዜ መጀመሪያ ታመዋል ነው የምትሉት።»

እውነቷን ነው። እኛ የሞተውን ታመመ ስንል ኖረን፣ የታመመ ሰው አለ ስንል የሚያምነን አጣን። እጇን ይዤ ብምልላት፣ ብገዘትላት አልሰማ አለች። መሬት ላይ ልትዘረር ስትል ሶስና አቅፋ ያዘቻት።

«አንቲ፣ እናቴ መዋሸት አትችልም። ሺ ኢዝ ቴሪብል አት ኢት። አንድ ጊዜ እንኳን ተሳክቶላት አያውቅም» አለቻት።

አዜብ ቀና አለች። «በይ አገናኚኝ። በሕይወት ካለች አሁን አገናኚኝ።»

ደግፈናት ወደ እንግዳ መቀበያው ሄድን። ወረፋ የለም። አንዲት ፊሊፒናዊት ልጅ ብቻዋን ቆማለች። እንግሊዝኛዬ ከመጋዘን አያልፍም፤ «ማዘር፣ ሲክ፣ ፎን ፕሊስ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ከባንኮኒው ወጥታ አዜብን ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና የመርከቡን ስልክ አመጣችላት። አዜብ ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ድሬዳዋ መሽቷል።

የአክስቷ ልጅ አነሳች። ከዚያ ደከም ያለ ድምፅ መጣ። አጠገቧ ስለሆንኩ ይሰማኛል።

«አዜቤ? የት ነሽ?»

«ባሕር ላይ ነኝ እማ። መርከብ ላይ።»

«ባሕር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

አዜብ እያለቀሰች ሳቀች። «እኔም አላውቅም እማ።»

«ብርድ ነው?»

«ብርድ ነው።»

«ልበሺ እንግዲህ።»

የቀረውን አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው።

ስልኩ ሲዘጋ አዜብ አገሯ መሄድ እንደምትፈልግ ተናገረች። ፊሊፒናዊቷ ልጅ አለቆቿን ጠርታ፣ በማግስቱ መርከቡ ጁኖ የምትባል የአላስካ ከተማ ሲቆም ወርዳ በአውሮፕላን እንድትሄድ ጨረሱላት። ያን ሁሉ ለማድረግ የፈጀብን ጌታሁን ቁርሱን በልቶ እስኪነሳ ያህል ነው።

ምሳ ላይ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። «ኅብረቱን በተንሽው። እሷ አንድ ነገር ብትሆን በራስሽ ነው። እኔ የለሁበትም» አለኝ።

«ጭጋጉ ገፈፈልዎት?» አልኩት።

ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ምሳውን በላ።

በማግስቱ ጁኖ ላይ ይዘንብ ነበር። እኔና ሶስና አዜብን እስከ መውረጃው ሸኘናት። አንድ ሻንጣ ነው የያዘችው፤ የሶስናን ወፍራም ሹራብ ደርባለች። «አቦ አታልቅሺብኝ፤ ስደርስ እደውልልሻለሁ» ብላ አቅፋኝ ወረደች። ጌታሁን ላይኛው ወለል ላይ ቆሞ ተራራውን ፎቶ ያነሳ ነበር።

ስንመለስ የአዜብ ክፍል በር ተከፍቷል። እታለም ቀሚሶቿን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትሰቅላለች። «የእሷ በረንዳ በተራራው በኩል ነው፤ ዝም ብሎ ባዶ ከሚሆን ብለን አስፈቀድን» አለችኝ። ሰው ይወረወርበታል ብለው ያስፈራሩኝ በረንዳ ነው። ከዚያ እስክንመለስ ድረስ ባልና ሚስት እዚያው በረንዳ ላይ እየተቃቀፉ ፎቶ ሲነሡ ሰነበቱ።

አዜብ አልደወለችም። እኔ ስደውል ቁጥሩ አይሠራም። ዴ ሞይን ሄጄ ሳንኳኳ ሌላ ተከራይ ከፈተልኝ። ኤርፖርት አብረዋት የሚሠሩትም አልተመለሰችም አሉኝ። የአክስቷን ልጅ ቁጥር ይስጡኝ ብዬ ጌታሁን ዘንድ ሄድኩ። «ስልክ ቀይሬ የድሮው ሁሉ ጠፋብኝ» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ስልክ ይዞ፣ ለኅብረቱ ሰዎች የመርከቡን ፎቶ አንድ በአንድ ሲያሳይ አየሁት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አልሄድኩም።

በመናገሬ አልጸጸትም። ፈሪ ብሆንም በዚያ ቀን ደግ አደረግሁ እላለሁ። የሚያብከነክነኝ መልእክቱ በእሱ ኪስ ውስጥ ያደረበት ሌሊት ነው። ያኔውኑ ሰምታ ቢሆን እናቷን በዚያው ሌሊት፣ በማግስቱም ደግማ ታነጋግራቸው ነበር። ያቺ ሌሊት ስንት ቃል እንዳስቀረችባቸው አላውቅም።

አዜብ ረዘም ያለች ጠይም ናት፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለባት፤ የድሬዳዋ ልጅ ናት። የምታውቋት ካላችሁ፣ የት እንዳለች ንገሩኝ። እናቷን በሕይወት ደርሳባቸው እንደሆነም ንገሩኝ።