የእህቴን ጠመንጃ እኔ ላይ ጫኑት

የእህቴን ጠመንጃ ነጥቀው ለእኔ አሸከሙኝ። ሳልጠየቅ። እኔ ተኩሼ አላውቅም፤ እርፍ መጨበጥ ነው የማውቀው። እሷ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምታ፣ እግሯን ቆስላ የተመለሰች ናት። መካነ ሰላም አጠገብ ያለው ቀበሌያችን ሚሊሻ ሲያደራጅ ጠመንጃውን የሰጠው ለእሷ ነበር። ወር ሳይሞላ ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ለወጠ።

«ጓዲት፣ አንቺ ለጥበቃው ስንቅ አዘጋጂ» አላት በስብሰባ መሀል። «ሴት የተራመደችው ጠመንጃ ይከሽፋል። ቤታችሁ ደግሞ ወንድ አለ።»

«ኦጋዴን ላይ ስንቴ ተራምጄዋለሁ! የከሸፈው ያንተ አፍ ነው» አለችው።

ሰው ሳቀ፤ የሳቀው ግን በእሷ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤታችን ከኋላ ጮኸብኝ፦ «አንተዬ፣ ጠመንጃዋን ከወረስክ መቀነቷንም ታጠቅላት እንጂ!»

በሚቀጥለው ስብሰባ ጠመንጃውን ሊቀመንበሩ ፊት አጋድሜ «ለባለቤቷ መልሱ» አልኩ። አብዮታዊ ግዴታውን እምቢ አለ ብለው የቀበሌው እስር ቤት ከተቱኝ። ገብሱ ደርሷል፤ ውርጩም እየመጣ ነው።

እህቴ እያነከሰች መጣች። «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ልቀቁት።»

«ሴት ዋስ አትሆንም። ወንድ አምጪ» አላት ሊቀመንበሩ።

ደሜ የፈላው ያን ጊዜ ነው። ጦር ሜዳ ሲልኳት ሴትነቷ ለማንም አልታየውም። ለጥይት ትበቃለች፣ ለወንድሟ ዋስነት አትበቃም! አጎታችን ልዋስህ ብሎ ቢመጣ፣ ወላሂ ከእሷ ሌላ ዋስ አልፈልግም ብዬ መለስኩት። እሷ ራሷ በመስኮቱ ሰደበችኝ።

«አንተ ደረቅ፣ ውጣና ገብስህን እጨድ!»

«እታለም፣ አንቺ ካልተዋስሽኝ አልወጣም።»

ገብሱን በዚያ እግሯ ብቻዋን አጨደችው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን መጻፍ ስችል ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ነበር። አልበረደም።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ጠባቂ መመደብ ሰለቸውና እህቴን በዋስነት ተቀበላት። ፈረመች።

«ጠመንጃዬስ?» አለችው።

«እሱማ ሰው ይዞታል።»

የያዘው የሊቀመንበሩ የገዛ እህት ልጅ ነበር፤ እሱ ጦር ግንባር ረግጦ አያውቅም። እሷ ለእሱ ስንቅ እንድታዘጋጅ ታዘዘች። ሊቀመንበሩ «ጉዳዩ አልቋል፣ ሂዱ» ብሎ በሩን ያሳየን ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው።