እናቴ ያቋረጠችው ስንብት

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ የቆመ ወጣት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ጓደኞቼ እዚሁ መቐለ ፊልም እየሠሩ ነበር። ታሪኩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚዋደዱ ሁለት ልጆች ነው፤ እሱ ይሰደዳል፣ እሷ ትቀራለች። የስደተኛውን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። ችሎታዬን አይተው ሳይሆን ጥሩ ጃኬትና ሻንጣ ስላለኝ ይመስለኛል።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ፊልም ለእሷ የሥራ ፈት ሥራ ነው። ደግሞም ታላቅ ወንድሜ በሊቢያ በኩል ሊሻገር ሳይሰናበታት ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። የስደት ነገር ለጨዋታም ቢሆን በቤታችን አይነሳም።

ስንብቱን የቀረጽነው መናኸሪያ ነው። ሰው እንዳያፈጥብን ካሜራውን ሚኒባስ ውስጥ ደብቀነዋል። ጎረቤታችን ዑመር፣ እዚያው ልባሽ ልብስ የሚሸጥ የወሎ ሰው፣ እኔን ከነሻንጣዬ፣ የምትሰናበተኝን ተዋናይት ደግሞ ስታለቅስ አየና ለእናቴ ደወለ።

«አደይ ለተብርሃን፣ ኧረ ይድረሱ! ልጅዎ ሊሄድ ነው!»

ዳይሬክተሩ ልቅሶው አልጥመው ብሎ ሲያስደጋግመን፣ እናቴ ከሰፈራችን ከሰሜን ክፍለ ከተማ በባጃጅ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ደረሰች። እኔን ዞር ብላም አላየችኝም። በቀጥታ ወደ ተዋናይቷ ሄደች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ልቅሶውን ተይና ያዢው እንጂ! ወንድሙ ሲሄድ እኔ አልነበርኩም፤ አንቺ ግን አለሽ!»

ልጅቷ ደንግጣ ክንዴን የምር ያዘችኝ። ሰው ተሰበሰበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዳይሬክተሩ ከሚኒባሱ ወርዶ ፊልም መሆኑን አስረዳት፤ ካሜራውንም አሳያት። ዑመር «አውፍ በሉኝ፣ ይቅርታ» እያለ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች።

«ታዲያ ወደይ፣ ልጄ፣ መጨረሻው ምንድን ነው? ልጁ ይመለሳል?»

ድርሰቱ ላይ ልጁ አይመለስም። ዳይሬክተሩ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«ይመለሳል፣ አደይ» አላት።

«እንግዲያስ ሥሩ» ብላ ሄደች።

ለሳምንት ያህል አኮረፍኳት። ፊልሙ ሲታይም አልመጣችም፤ መጨረሻውም አልተለወጠም። አሁን ሳስበው ንዴቴ ሁሉ ጠፍቶ እሷ ብቻ ታሳዝነኛለች። ስለ ፊልሙ በተነሳ ቁጥር «ልጁ ይመለሳል» ትላለች። ከጎረቤቶቻችን ፊልሙን ያላየ የለም፤ እስካሁን ግን አንድም ሰው አላረማትም። ሰፈሬን የምወደው ለዚህ ነው።