በጎቹ የገመቱት ወለል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አስካለ አንድ ወረቀት ይዛ ከተፍ አለች። ልጇ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያሠራላት ቤት ወለሉ ከሥር በተዘረጋ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይሞቃል። ሰሞኑን አልሞቅ ቢላት ለጥገናው ባለሙያ አስጠርታ ዋጋ ጽፎ ሰጥቷታል። «እስቲ እዪልኝ፤ አልተበላሁም?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ወለል መጀመሪያ ያየሁት በወጣትነቴ፣ መንዝ ውስጥ ነው፤ ያውም የበግ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሞላሌ አጠገብ የበግ አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቶሎ የምቆጣ፣ ቶሎ የምስቅ ልጅ። አንድ ፕሮጀክት የወላድ በጎች ቤት ሠርቶልን ሄዷል፤ ወለሉ ሊሾ፣ ከሊሾው ሥር ቧንቧ፣ ውጭ ደግሞ በእንጨት የሚሞቅ የውሃ በርሜል። ለበግ ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል የሚል የኅዳርን ውርጭ አያውቀውም። በውርጭ የተወለደ ግልገል እናቱ ልሳ ሳትጨርሰው ደርቆ ይቀራል። ያ ቤት ከተሠራ ወዲህ ግን ግልገል መቅበር ትተን ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ሲያልቅ ወለሉ እንደ ድሮው አልሞቅ አለ። ከከተማ ያስመጣነው ባለሙያ ኤፍሬም በርሜሉን አየ፣ ቧንቧውን አንኳኳና «ወለሉ በሙሉ ተፈንቅሎ ቧንቧው መቀየር አለበት» አለ። የጠራው ዋጋ የዓመቱን የሙክት ሽያጫችንን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ከዋጋው የባሰው ደግሞ ሥራው ወር ይፈጃል፤ በጎቹ ሊወልዱ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ነው።

«ይሄማ ዘረፋ ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ ሊቀመንበራችን ጋሽ ወንድይፍራው። የሰው ከብት የሰው እህል ሲበላ ጉዳቱን እንዲገምቱ አገሩ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። ወደ ኤፍሬም ዞሩ። «ከብት ስለገባ ብቻ ማሳው ሁሉ ተበላ አይባልም፤ ዙረን የተበላውን እንለያለን። ለመሆኑ የተበላው የት ጋ ነው?»

«ከሊሾው ሥር ነው አባባ፤ በምን ይታያል?»

የእኛም እጅ በብርዱ ደንዝዞ ለብ ያለውን ከቀዘቀዘው አይለይም። ድንገት ትዝ አለኝ፤ በግ ጧት ከጉረኖ ሲወጣ ፀሐይ የመታውን ድንጋይ ፈልጎ ነው የሚተኛው። «በጎቹን እንጠይቃቸው!» አልኩ። ሰው ሳቀ፤ ጋሽ ወንድይፍራው ግን «እንሞክረው» አሉ።

በማግሥቱ ገና ሣሩ በውርጭ ነጭ እንደሆነ ከበርሜሉ ሥር እሳት አነደድን፤ ጭዱንም ጠረግነው። «በግ ተጠጋግቶ ነው የሚተኛ፤ ይሄ ምን ያስረዳል?» አለ ኤፍሬም። እውነቱን ነው። ስለዚህ እንዳይደራረሱ አራርቀን አሰርናቸውና በሩን ዘጋን። ውጭ ቆመን በሶ ስንበጠብጥ እኔ ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም።

በሩን ስንከፍት አብዛኞቹ ተኝተው ያመሰኳሉ። በግራ በኩል ባለው ጥግ የታሰሩት ብቻ ቆመው፣ ገመዳቸውን ወጥረው ወደ መካከል ይስባሉ። እልልታዬን አቀለጥኩት! ኤፍሬም ጥጉን ዳበሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ እሱም ከእኛ ብሶ ሳቀ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ለጥጉ ብቻ አዲስ ዋጋ ጻፈ።

ሲቆፍር ግን የቧንቧው ስንጥቅ በጎቹ ከተኙበት ሥርም ጥቂት ገብቶ ተገኘ። ኤፍሬም ተጨማሪ ዋጋ ሳይጠይቅ እሱንም ጠገነው። ጋሽ ወንድይፍራው አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ያዩ ነበር። ክፍያ ላይ ስንደርስ «ይጨመርለት» አሉ።

«ጋሼ፣ የተስማማነው እኮ በዚህ ነው!»

«ሲበዛ እንደቀነስን ሲያንስም እንጨምራለን። አለበለዚያ ምኑን ገመትነው?»

ተናደድኩ። ግን በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው ግልገል እንፋሎቱ እየወጣ በሞቀው ሊሾ ላይ ተንገዳግዶ ሲቆም ንዴቴ ጠፋ፤ እንደ ሕፃን ጨፈርኩ። ኤፍሬምም ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ ኅዳር ሳይገባ፣ ማንም ሳይጠራው እየመጣ ወለሉን ያይልን ነበር።

ይህን ሁሉ ለአስካለ አልተረክሁላትም። «የትኛው ጋ እንደተበላሸ አስቀድሞ ያሳይሽ» ብቻ አልኳት። «ካሳየሽ አትከራከሪው። ሲቆፍር የባሰ ካገኘ ደግሞ ጨምሪለት።»

«ጨምሪለት?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ። «ለመሆኑ አንቺ የማን ወገን ነሽ?»

«የሁለታችሁም» አልኳት። ለካ እኔም ሽማግሌ ሆኛለሁ።