ለአባዬ የሠራነው አንደበት

ባለፈው ሳምንት በድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ትንሽ ቢሯችን ውስጥ ቤተልሔም ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠራችኝ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ እጀ ቀልጣፋ ልጅ ናት። ለፋርማሲዎች የሚሆን መተግበሪያ እየሠራች ነው፤ አንዱ ስልክ አንድሮይድ፣ ሌላው አይፎን። በሁለቱም ላይ መልኩን አንድ አድርጋዋለች። «ሁለት ጊዜ ከምንለፋ አንዱን መልክ ለሁለቱም ብንሰጠው ምን ይለናል?» አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። ሙቀቱ ነው ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር አባዬ ትዝ ብሎኝ ነው።

አባዬ ዕድሜውን በባቡር ጋራዥ የፈጀ መካኒክ ነበር። በብረት ጩኸት መሀል ሲጮህ የኖረ ሰው ስለሆነ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅም፤ በረንዳችን ላይ ሲያወራ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። ከአማርኛው ጋር ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን፣ ከሸማንደፈር፣ ከባቡር ድርጅቱ፣ የተረፈችውን ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ ነበር የሚያወራው። ይኸን ሰው ነው ስትሮክ በአንድ ማለዳ አንደበቱንና ቀኝ እጁን የወሰደበት።

ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። ከአፉ የሚወጣው ግን «ወ… ወ…» ብቻ ሆነ። ውሃ የጠየቀ መስሎን ብርጭቆ እናቀርባለን፤ በግራ እጁ ገፋ ያደርገዋል። የድሬ ሙቀት ነውና ትንሽ ቆይተን ደግሞ እናቀርባለን። ደግሞ ይገፋዋል።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ከጓደኛዬ ከሐምዲ ጋር የስልክ መተግበሪያ መሥራት ጀምሬ ነበር። ሐምዲ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ እኛ ቤት ይመጣና እናቴ የጠበሰችውን ባጂያ እየበላን ስንሠራ እንውላለን። አባዬን እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» ነበር የሚለው፤ አባዬም ይኸን ይወድለታል። ታዲያ አንድ ቀን፣ ስንት ነገር ስንሠራ ለምን ለእሱ የሚናገርለት አንሠራም አለኝ። ሠራንለት። ሥዕል ሲነካ ስልኩ ቃሉን ይናገራል፤ ውሃ፣ ሻይ፣ አመመኝ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የቤተሰቡ ስም። ድምፁ የእኔ ነበር። ስልክ ሳነሳ ሰዎች አባዬ እየመሰልኳቸው ወሬ ይጀምሩ ነበርና።

የመጀመሪያ ቀን ሻይ ሲያዝ በግማሽ አፉ ሳቀ። ስልኩ አንድሮይድ ነበር። አንድ ገጽ ገብቶ ለመመለስ ሲፈልግ ከታች ያለውን የመመለሻ ቁልፍ በግራ አውራ ጣቱ ይነካል። ጣቱ መንገዱን ሳያይ ማግኘት ለመደ። ቤታችን እንደገና ወሬ የሚሰማበት ቤት ሊሆን ነው ብለን ነበር።

ስልኩ ከጭኑ ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ሞተ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ሰብለ ይኸን ስትሰማ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ አይፎን ይዛለት። ሳጥኑን ራሷ ከፈተችለት። ለአይፎን የሚሠራ ሰው ደግሞ የአፕል ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ሐምዲ ከዘመዶቹ አሮጌ ላፕቶፕ ለምኖ አመጣ።

ሐምዲ አይፎን የራሱ ወግ አለው አለኝ። መመለሻው ከላይ በግራ ጥግ ነው፤ ከታች ያለችው ክብ ቁልፍ ከመተግበሪያው ጨርሳ ታስወጣለች። የሰው ቤት ገብተህ የራስህን ወግ አትተክልም አለ። እኔም አመንኩበት። በሌሎቹ ነገሮች ሁሉ፣ ሰብለን በቪዲዮ ሲያያት እንኳ፣ ስልኩ የሚሠራው በዚያ ወግ ነው። እንደ ደንቡ አሳምረን ሠራነው።

የአባዬ ጣት ግን ወደ ታች ነበር የሚሄደው። ክቧን ቁልፍ ይነካል፤ ቃላቱ ሁሉ ይጠፋሉ። የማያውቃቸው ትንንሽ ምልክቶች ፊቱ ይደረደራሉ። ወደ ላይኛው ጥግ እንዳይሄድ ደግሞ የሚንቀጠቀጠው እጁ ሌላ ሥዕል ይነካበታል። አንድ ከሰዓት የሕመም ገጽ ውስጥ ገብቶ መውጫ አጣ። ስልኩ በእኔ ድምፅ «ሆዴን አመመኝ»፣ «ደረቴን አመመኝ» እያለ ይጮኻል። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘም። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። ቤት ስንገባ በጣቱ መስኮቱን አሳየን። የፈለገው እንዲከፈትለት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አልነካ አለ። ሐምዲ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጥ ጀመር። አባዬ ጠዋት ጠዋት ዳዊቱን በግራ እጁ ሲገልጥ ያየዋል። ያለፈውን ገጽ ለማየት ሲፈልግ ቅጠሉን ከግራ ወደ ቀኝ በአውራ ጣቱ ይመልሰዋል። ሐምዲ ይኸን አይቶ ሳቀ። «የእኛ ቁርኣን ቢሆን በተቃራኒው ነበር» አለኝ። አይፎኑ ራሱ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ሲዳብሱት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጥጉ ላይ ያለውን ቀስት መንካት ግዴታ አልነበረም። የአባዬን ጣት ይዞ ጠርዙ ላይ አኖረና «እንደ መጽሐፍህ ግለጠው» አለው። ገጹ ተመለሰ። አባዬ ደግሞ ሞከረው፤ ተመለሰ። ከስልኩ ማስተካከያ ገብተን ክቧንም ቁልፍ ሥራ አስፈታናት።

መተግበሪያውን በአፕል የመተግበሪያ መደብር አልለጠፍነውም። ለአንድ ሰው የተሠራ ነገር ነውና በነፃ የሚፈቀደው ለሳምንት ብቻ ነው፤ ካልታደሰ አልከፈት ይላል። ስለዚህ ሐምዲ በየሳምንቱ ላፕቶፑን ታቅፎ ይመጣል። ክረምት ገብቶ ደቻቱ ሲሞላ በድልድዩ ዞሮ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይደርሳል። አባዬ የበሩን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ይበራል።

መንገዱን ካገኘ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ገጾቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይገልጣል፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ በእጁ ጭኑን ይመታል። የሚፈልገው ቃል የለም። የድሮ ጓደኞቹን ስም ጨመርኩ፣ ቄሱን ጨመርኩ፣ ባቡሩን ሳይቀር ጨመርኩ። በእምቢታ ራሱን ይነቀንቃል። «ወ… ወ…» ይላል፤ ውሃ እናመጣለታለን።

አንድ ቀን እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከወጥ ቤት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። የእሷን ፎቶ ነካው። ስልኩ በእኔ ድምፅ «እማዬ» አለ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። እሷ ፊቱን ስታየው ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው፤

«ወይኔ ልትለኝ ነው እንዴ?»

ያንን ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

እናቴ ወይንሸት ትባላለች። ኋላ እንደነገረችኝ ገና ከተጋቡ ጀምሮ አባዬ የሚጠራት ወይኔ እያለ ነበር። አያቴ ሙሾ ቤት መጥራት ነው ብላ ስለተቆጣች፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ እንጂ ሰው ፊት አይለውም። እኛ ልጆቹም ሰምተን አናውቅም። ስልኩ ላይ ያኖርንለት የእኛን አጠራር ነበር።

በዚያው ቀን ስሙን ቀዳሁት። ሐምዲ ስልኩን አቀረበልኝ፤ አፍሬ እንደምንም «ወይኔ» አልኩ።

«እንደ ለቅሶ አትበለው፣ አቦ» አለኝ። «እንደሚጠራት በለው።»

እንዴት እንደሚጠራት አላውቅም። እናቴን ጠየቅኳት። ወደ መስኮቱ ዞራ፣ እኛን ሳታይ፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርጋ ለስለስ ባለ ድምፅ አለችው። የአባዬን ትልቅ ድምፅ እንዲያ ለስልሶ ላስበው አልቻልኩም። እሷን ተከትዬ ደገምኩት። አባዬ በዓይኑ እሺ አለኝ።

ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ የሚሰማው ይኸ ነበር። ከክፍሉ ስልኩ «ወይኔ» ይላል፤ ከወጥ ቤት እናቴ «አቤት» ትላለች። ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። መጥታ ታየዋለች፤ ትመለሳለች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሁለተኛው ስትሮክ መጣና አባዬ ሞተ። ድንኳኑ ሞልቶ ሴቱ ሁሉ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያለ ሲያለቅስ እናቴ ጸጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ሰው እንባዋ ደረቀ ብሎ አዘነላት። ማታ ሰው ቀለል ሲል እኔን ብቻ ጠርታ፣ «በጮኹ ቁጥር አቤት ልል ምንም አልቀረኝ» አለችኝ።

ሐምዲ የማደሻው ቀን ሲደርስ እንደ ልማዱ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ሊያድሰው መሆኑን ስንነግራት እናቴ ስልኩን ከእጁ ተቀብላ፣ «ተወው ልጄ፤ ለሱ እጅ ነው የተሠራው» አለችው። ከዚያ በኋላ አልተከፈተም።

ባለፈው ሳምንት፣ በጠየቀችኝ ማግስት፣ ለቤተልሔም ሁለት ጊዜ ልፊ አልኳት። መልኩን ከመሥራትሽ በፊት ግን ፋርማሲዎቹ ሄደሽ ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጋር ተቀመጪ፤ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ እዪ፤ ነገሩን በምን ስም እንደሚጠሩት ስሚ አልኳት። ሥራችን የስልኮችን ወግ ማወቅ ነው እንላለን፤ እውነት ነው፣ ይማሩታል፣ ይቻላል። ያሳደገኝን ሰው ወግ ግን ያወቅኩት አንድ ክረምት ሲቀረው ነው። እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ጎረቤቱ እትዬ ወይንሸት ይላታል፣ የሰብለ ልጆች እማማ ይሏታል፣ እኔ እማዬ እላታለሁ። ሁሉንም አቤት ትላለች። በዚያ ስም ግን የሚጠራት የለም፤ እኔም ድምፄ የሱን ስለሚመስል አንድ ቀን እንኳ ደፍሬ አልሞከርኩትም።