ሩዝ በየሳህኑ

ሩዝንና ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሲታክ ኤርፖርት ፓርኪንግ አብራኝ የምትሠራ ቬትናማዊት ከምሳዋ አቀመሰችኝና አሠራሩን ጠየቅኋት። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጠበስ አድርጊ፣ አትክልቱን ጨምሪ፣ ሶይ ሶስ የሚሉትን ጥቁር ጨዋማ ማጣፈጫ ጠብ አድርጊበት፣ በቃ አለችኝ። ሽንኩርት ሳቁላላ የዕረፍት ቀኔ የሚያልቅብኝ ሴት፣ ያቺን «በቃ» ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ልጄም ወደደችው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወጥ ሳቀርብላት የምታኮርፈው ልጅ ጥርግ አድርጋ በላች። ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ሲያሾፍብኝ ቆየና በኋላ እሱም ለመደው። ከሥራ ገብቼ ወዲያው እራት ማድረስ ቻልኩ። እፎይ አልኩ።

የማታ ማታ ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። እንጀራ በትሪ ሲቀርብ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ አይጀምርም፤ ብንኮራረፍ እንኳ የምንኮራረፈው አንድ ትሪ ከበን ነው። ሩዙ ግን በየሳህኑ ነው የሚቀዳው። ልጄ የሷን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፤ ባለቤቴ የሱን በዕቃ ቋጥሮ መኪናው ውስጥ ይበላል፤ እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ እጎርሳለሁ። አንድ ምግብ እየበላን አንተያይም። ሰው ካጎረሰኝ ስንት ጊዜዬ ነው? ሆድ ባሰኝ።

ስለዚህ ለእሑድ ማታ ሁለቱንም አስቀድሜ ለመንኳቸው። አንድ ቀን፣ ሦስታችንም አብረን እንብላ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩ። እሺ አሉኝ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ፤ እኔ ግን ሌክ ሲቲ ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርታማችን ውስጥ እያንጎራጎርኩ ስከትፍ ዋልኩ። ሩዙን ትልቁ ትሪ ላይ ዘረገፍኩት፤ ዶሮውንና ብሮኮሊውን መሃሉ ላይ አደረግኩና ሦስት ማንኪያ ሰካሁበት። ልጄ ስታየው ምን ያህል እንደምትስቅብኝ አስቤ ራሴው ሳቅሁ።

ባለቤቴ ኮል አደረገ። «ኤርፖርቱ ዛሬ ቢዚ ነው፣ ሶ ትንሽ ልሥራ። የኔን አስቀምጪልኝ» አለኝ። ኦኬ አልኩት፤ የቤት ኪራዩም መከፈል አለበት።

ልጄ መጣች። ትሪውን አየችው፤ አልሳቀችም። ከካቢኔቱ ሳህኗን አወጣችና እንዳይበላሽብኝ ተጠንቅቃ ከጠርዙ በኩል ቀዳች። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ለግሩፕ ሥራ ኦንላይን እየጠበቋት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ጉንጬን ሳመችኝና ገብታ በሯን ዘጋች።

ትሪው ፊት ብቻዬን ቁጭ አልኩ። አንድ ማንኪያ አነሳሁ፤ ሳልጎርስ መልሼ አስቀመጥኩት።

ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ልጄ ናት፣ ከግድግዳው ወዲያ። «ማሚ፣ በጣም ይጣፍጣል። በላሽ?» ይላል።

«በላሁ፣ ጠገብኩ። አንቺ ብዪ የኔ ቆንጆ» ብዬ ጻፍኩላት።