የአምባዛ ሆድ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «አምባዛ» ነው የሚላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር፤ እሷ ግን «አቤት» ትላለች። ሥራዋ እሱ ነዋ! ከሐይቁ የሚመጣውን አምባዛ የዓሣ ምርምር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና ዝርያውን ትለያለች። ላይ ላዩን ላየው አምባዛ ሁሉ አንድ ነው፤ ቅርፊት የሌለው፣ ጺማም፣ ሙልጭልጭ። እሷ ግን አፉን ፈልቅቃ ላንቃው ላይ ያሉትን ጥርሶች በጣቷ ትዳብሳለች፣ የራስ ቅሉን ትለካለች፣ መተንፈሻ ስንጥቡ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩትን እሾሆች ትቆጥራለች። ከዚያ ከክንፉ ጫፍ ቅንጣት ቆርጣ በብልቃጥ ለባለ ማሽኑ ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ ዲኤንኤውን ያነባል። አጥንቱና ዲኤንኤው ከተስማሙ ነገሩ አለቀ።

ለዚህ ሁሉ የዓሣውን ሆድ መክፈት አያስፈልግም። እሷ ግን አንድም ሳታስቀር ትከፍታለች። አፉ የማያርፈው ባለ ማሽኑ አንድ ቀን «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ብሎ ቀለደባት። ምን ትበለው? ወንድሜ ጠፍቶብኝ ነው ትበለው?

ጠፍቶባት ነው እንጂ! አምና በዝናቡ ወራት ታናሽ ወንድሟ መረብ ሊያነሳ ወጣ፤ ጀልባዋ ብቻዋን ተመለሰች። ፈለጉ፣ አሰሱ፣ ምንም የለም። አምባዛ ደግሞ ከሐይቁ ሥር ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መዘዙም እሱ ነው። ቢላ ባነሳች ቁጥር ከዓሣው ሆድ የሱን ምልክት ትፈልጋለች።

ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ አለች። እናቷ አላለቀሰችም። «ሬሳውን ሳላይ? ልጄን በቁሙ ልቅበረው እንዴ?» ብላ ሊያስተዛዝን የመጣውን ጎረቤት ሁሉ አሳፍራ መለሰችው። ዝናብ በጣለ ቁጥር «በርዶት ይሆናል» ትላለች። እህል አልወርድላት ብሎ ከስታ ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። አምባዛን የጨነቃት ይሄ ነው፤ እናቷ እርሟን ሳታወጣ፣ እንደተቀመጠች ልታልቅባት ነው።

አንድ ጠዋት ግራ የሚያጋባ አምባዛ መጣ። ጥርሱ የአንዱ ዝርያ፣ የራስ ቅሉ የሌላው። ሆዱን ስትከፍተው ከተፈጨው መሃል አንዲት ነጭ የአጥንት ስብርባሪ አገኘች። የዓሣ አጥንት ታውቃለች፤ ይቺ ግን አልመሰለቻትም። ጓንቷን አወለቀች። በእጇ ልትነካት ፈልጋ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። መዳፏ ላይ አገላበጠቻት፣ ጨብጣት ቆየች። ከዚያ ለብቻዋ ብልቃጥ ውስጥ ጨምራት ከክንፉ ቅንጣት ጋር ላከቻት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ባለ ማሽኑ ውጤቱን ይዞ እየሳቀ መጣ። «ዓሣው በጥርሱ የጠረጠርሽው ዝርያ ነው፣ ጎበዝ። ሁለተኛው ብልቃጥ ግን ጉድ ነው፤ ሰው ነው!»

ክው አለች።

«አትደንግጪ። የእጅ ንክኪ ለመለየት የሠራተኛው ሁሉ ዲኤንኤ እጄ ላይ አይደል? አስተያየሁት፤ ያንቺው ነው። ያለ ጓንት ነክተሽ አበላሽተሽብኛል።»

«ያነበብከው ከእናት የሚወርደውን ነው?»

«አዎ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

«እኔንና ወንድሜን የወለደችን አንድ እናት ናት» አለችው። «ያ ከሆነ የሱም ከኔ አይለይም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሐይቁ ወንድሟን እንዳስቀረው ሰምቶ ነበር፤ ሆድ የምትከፍተው ለምን እንደሆነ ግን ገና አሁን ገባው። «ይቅር በይኝ እህቴ» አለና ከስብርባሪዋ የተረፈውን ይዞ ገባ፣ የወንድና የሴት መለያውን ሊያይ።

ያን ቀን ሙሉ ወንድ በሆነ እያለች ለመነች። ወይ ጉድ! ወንድሟ ከአምባዛ ሆድ እንዲወጣላት የምትለምን እህት! ራሷን ተጸየፈች፤ መለመኗን ግን አልተወችም።

በማግሥቱ ባለ ማሽኑ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ዲኤንኤው የሴት ነው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስብርባሪዋን ከውስጧ ፈትሼ አየኋት፤ የዓሣ አጥንት ናት። ላይዋ ላይ ያለው ከእጅሽ የቀረ ያንቺው ነው።»

ማታ ቤት ገብታ እናቷን ስታገኛት ግድግዳ ተደግፋ መስኮት መስኮቱን ታያለች። የእናቷ እጅ ከስቶ እንጨት ሆኗል። አምባዛ አንጀቷ አልችል አለ።

«እማዬ፣ ተገኘ።»

«ማን?»

«አጥንቱ። በማሽን አረጋገጡልኝ፤ የሱ ነው።» ቃሉ እንዴት ከአፏ እንደወጣ አላወቀችም።

«የታለ? አምጪልኛ!»

«ለምርመራው አለቀ፣ እማዬ።»

እናትየው ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ጮኸች። የዓመቱን ሁሉ በአንዴ አወጣችው፤ ጎረቤት ግር ብሎ ገባ፣ ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። ሲመሻሽ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ የሰጧትን ሾርባ እየተጎነጨች ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻት።

«አንቺም አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ። ይኸው ተገኘልን አይደል?»

አምባዛ ታገለች፤ እንባ ግን እምቢ አላት። አልተገኘማ፤ ለማን ታልቅስ?